የቄሱ ቤት ማድረቂያ

ማድረቂያው የቆመው በሰኔ ማለቂያ፣ የሰው ጋቢ በሆዱ እንደያዘ ነው። መጀመሪያ አጓራ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ሠርክአዲስ ከበርጩማዋ ሳትነሳ አየችው። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር፤ እሷን ግን ደረቷ ላይ ተቀምጦ የኖረ ነገር የተነሳላት ያህል ቀለላት። ወዲያውም አፈረች። የሰው ጋቢ ማሽን ውስጥ ተቆልፎበት ደስ የሚላት ምን ዓይነት ሴት ናት? ቢሆንም ደስ ብሏታል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ሠርክአዲስ የቄስ ያረጋል ባለቤት ናት። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው ቤታቸው ከገባች ወዲህ ሁለት ልጆች አሳድጋ ሸኝታለች፤ አንዱ ደብረ ማርቆስ ይማራል፣ አንዷ ተድራ ጅጋ ትኖራለች። ያረጋል ገና ዲያቆን ሳሉ ቅስና ከመቀበላቸው በፊት ማግባት ነበረባቸውና፣ ሽማግሌ ተልኮ ከፈረስ ቤት ከተማ አመጧት። የዚያን ጊዜ ልጅ ነበረች፤ ማንም አልጠየቃትም። ቄስ ሚስቱን ከፈታ ቅስናው ይቀራል፤ ስለዚህ የቄስ ሚስት ብታኮርፍ እንኳ አባቷ ቤት ብዙ አትቆይም፣ አገር ሙሉ ተሰብስቦ ይመልሳታል። እሷ ግን አኩርፋም አታውቅም። ቄስ ያረጋል ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናግረዋት አያውቁም፤ እንጀራና ሽሮ ከተገኘ ሌላ አይሹም። ችግሩ ይኸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ የምትለው አታጣም ነበር።

ማድረቂያውን ያመጣው ስመኘው ነው። ስመኘው እህል ነጋዴ ነው፤ የቄሱ የንስሐ ልጅም ነው። አንድ ዓመት በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ ቄስ ያረጋል ያልደረቀ ጋቢ ለብሰው ሲቀድሱ ትከሻቸው ላይ ጋቢው ሲጤስ አየ። ሆዱ አልቻለም፤ ልጁ ከታመመችበት ስትነሳ የተሳለው ስለትም ነበረበት። ባሕር ዳር ወርዶ፣ አንድ ትልቅ ነጭ የልብስ ማድረቂያ ማሽን በአይሱዙ አስጭኖ መጣና ደጃቸው አራገፈው። ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። ማጠቢያ የሌለው ቤት ማድረቂያ ገባበት፤ ልብሱ ያው በእጅ ታጥቦ ማለት ነው። ሠርክአዲስ በዚያ ቀን ከልቧ መርቃዋለች። ለንስሐ አባት የመጣ ስጦታ አይመለስም፤ አይሸጥም፤ ለሌላም አይሰጥም። ስጦታውን መመለስ ሰውየውን ከነንስሐው መመለስ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላሰበው። መጀመሪያ የደብሩ ካህናት ጋቢያቸውን ላኩ። ይገባል፤ ለአገልግሎት ነው። ቀጥሎ ዲያቆናቱ ላኩ። ከዚያ አራስ ያለበት ቤት የሕፃን ጨርቅ ይዞ መጣ፤ አራስን ማን ይመልሳል? ከዚያ ሐዘን የተቀመጡ መጡ፤ እነሱንም ማን ይመልሳል? በሁለተኛው ክረምት ከጅጋ ድረስ እርጥብ ነጠላ በፌስታል አስሮ የሚመጣ ሰው ነበር። ክፍያ የሚባል ነገር የለም፤ በበረከት ነው። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ «እጅሽ ይባረክ» ይላታል፤ ፌስታሉን ያስቀምጣል፤ ይሄዳል።

የእጅ ፈትል ጋቢ ደግሞ ቀልድ አይደለም። አራት እጥፍ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ እንደ ሙክት ይከብዳል። ማሽኑ ውስጥ አንድ ከገባ ይበቃዋል፤ ሰው ግን ሁለት ይልካል። ሲሽከረከር ጥጡን ያራግፋልና ወንፊቱ በየመሐሉ ካልተጠረገ ይታፈናል። መሐል ላይ አውጥቶ ማገላበጥ፣ ማርገብ፣ መልሶ መክተት አለ። በዚያ ላይ መብራቱ አለ። መብራት ሲመጣ ሠርክአዲስ ቤት መገኘት አለባት፤ መብራት መቼ እንደሚመጣ ደግሞ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ቤት መገኘት አለባት። የአባቷ ተዝካር ፈረስ ቤት ሲወጣ፣ የሰው ልብስ ተከምሮባት ስለነበር ማልዳ ሄዳ እህል እንኳ በወጉ ሳትቀምስ በዚያው ዕለት ተመለሰች። እህቶቿ ሙሾ ሲያወርዱ እሷ ስለ መብራቱ ታስብ ነበር። ይህን ለራሷ ይቅር ብላ አታውቅም፤ ለማሽኑም ጭምር።

ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን ቡሬ ነው። ታናሽ እህቷ ደስታነሽ ቡሬ ውስጥ አስፋልት ዳር የልብስ ስፌት ቤት አላት። ባለፈው በጋ ደስታነሽ ስትወልድ ሠርክአዲስ አራሷን ልትንከባከብ ሄዳ፣ በዚያውም ስፌት ቤቱ እንዳይዘጋ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠች። ስፌት በልጅነቷ ከአጎቷ ተምራዋለች፤ እጇ አልረሳውም። ከመስኮቱ ማዶ መኪና ያልፋል፣ በቆሎ የጫነ ጋሪ ያልፋል፣ ሰው ያልፋል። ደንበኞቹ በሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «ሠርክአዲስ፣ የልጄ ሱሪ ደረሰ?» ይሏታል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስሟን የሚጠራት የለም፤ «የቄሱ ባለቤት» ናት። እዚያ መስኮት ሥር በተቀመጠች በሁለተኛው ሳምንት፣ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ ሳታስበው ስታንጎራጉር ራሷን ሰማች። ደነገጠች። መቼ እንደተወችው አላስታወሰችም።

ደስታነሽ ይህን አይታለች። ክረምት ሲገባ የተማሪ ዩኒፎርም ይጎርፋል፤ ከሦስቱ መኪናዎች አንዱ ሰው የለውም። ሐምሌንና ነሐሴን መጥተሽ ስፊ፣ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ለማንም አልሰጠውም ብላ ደጋግማ ደውላላታለች። ሠርክአዲስ ሁልጊዜ የምትመልሰው ያው አንድ ነበር፤ ማድረቂያውስ? አሁን ማድረቂያው ሞተ። እርጥቡን ጋቢ ከሆዱ ታግላ አውጥታ ገመድ ላይ ካሰጣች በኋላ ለእህቷ ደወለችና፣ «ቦታዬን ለሰው አትስጭብኝ» አለቻት።

ለቄሱም ያን ዕለት ነገረቻቸው። እራታቸውን አቅርባ፣ እጃቸውን አስታጥባ፣ ክረምቱን ቡሬ ልሂድ አለች። ቄስ ያረጋል ጉርሻቸውን ጨረሱ። ጾሙን እሷ ባትኖርም ጎረቤት እንደማያጣቸው፣ እህት እህቷን ብትረዳ ደግሞ ጽድቅ እንደሆነ ተናገሩ። ልቧ ዘለለ። ቀጠሉና፣ «ብቻ የማሽኑ ነገር ይለይለት። ይጠገናል ከተባለ ወይም ይለወጣል ከተባለ ባለቤት ይፈልጋል። ካልሆነ ግን በሰላም ሂጂ» አሉ።

እንግዲህ የሠርክአዲስ ክረምት የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነበር። ማሽኑ ካልተጠገነም ካልተለወጠም ቡሬ አለች። ከሁለቱ አንዱ ከሆነ እዚያችው በርጩማ ላይ አለች።

ስመኘው ወሬውን ሲሰማ ከቡሬ ባምላኩ የሚባል ኤሌክትሪሺያን አስመጣ። ባምላኩ የፋብሪካ ሞተር ሲጠግን የኖረ፣ ብዙ የማይናገር ጎልማሳ ነው። የኋላውን ክዳን ፈትቶ ገና ሲገልጠው አንድ ቁና የሚሞላ ጥጥ ወረደ። ከበሮውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሷል፤ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተበልቷል፤ ሞተሩ ሸቷል። ሠርክአዲስ አጠገቡ ቆማ መብራት ይዛለት ነበር፤ ፊቱን እንደ ሐኪም ፊት ታጠናው ነበር።

ምን ይሻለዋል ብላ ጠየቀችው። ዕቃው ከአዲስ አበባ ከመጣ ይጠገናል አለ፤ ግን ይህን ያህል ደክሞ ቢለወጥም አይፈረድበትም።

«ባይጠገንስ?» አለችው።

«ይለወጣላ።»

«ባይለወጥስ?»

ባምላኩ ቀና ብሎ አያት። ዝናቡ ባይዘንብስ ያለችው ይመስል ፈገግ አለ። «ኧረ እትዬ፣ አገሩ ይህን ማሽን ለምዶ እንዴት ተብሎ?» አለና መፍቻውን መሰብሰብ ጀመረ። እሷ መብራቱን እንደያዘች ቀረች። እሱ ክፉ ነገር አልተናገረም፤ ግን እስከዚያ ቅጽበት ድረስ ሦስተኛ መንገድ ያለ ይመስላት ነበር።

የሐዋርያት ጾም የተፈታ ዕለት የንስሐ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ቄሱ ቤት ተሰበሰቡ። ከበላይ ሽማግሌዎቹ፣ ቀጥሎ ስመኘው፣ ከእሱ ፊት ለፊት ወይዘሮ ሀብትነሽ ተቀመጡ። ሀብትነሽ መናኸሪያው አጠገብ ሆቴል ያላቸው፣ ለቤተ ክርስቲያን እጃቸው የተፈታ፣ አንደበታቸውም እንዲሁ የተፈታ ሴት ናቸው። ስመኘው ማድረቂያ ባመጣበት ዓመት እሳቸው ለቄሱ ካባ አስፍተው ነበር፤ ካባው ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ ማድረቂያው የአገር ወሬ ሆነ። ይህን አልረሱም።

ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ነገሩ ተነሳ። ስመኘው ይጠገን አለ። ስለት ነው፤ ልጄ ከታመመችበት ስትነሳ ለንስሐ አባቴ የተሳልኩት ነው፤ ዕቃውን እኔ አስመጣለሁ፤ ስለቴ ከበረት ጀርባ ተጥሎ ማየት አልፈልግም አለ። ሀብትነሽ፣ የስመኘው ስለት ሥፍራው ደርሷል፣ እግዚአብሔርም ተቀብሎታል፣ ግን አባታችን በተጠጋገነ ማሽን ሲቸገሩ ዝም ብለን ብናይ ነውሩ የሁላችን ነው፤ እኔ አዲስ፣ ከዚያ የሚበልጥ እገዛለሁ አሉ። ስመኘው፣ የሚበልጥ የተባለውን ሰማሁ፣ አመሰግናለሁ አለ። ፊቱ ግን አላመሰገነም። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን እያዩ አንዱ ይጠገን፣ ሌላው ይለወጥ አሉ። ማሽኑ የማን ስጦታ እንደሚሆን እንጂ ከማሽኑ ጋር የምትውለው ማን እንደሆነች የጠየቀ አልነበረም። ሠርክአዲስ የጠላውን ማንቆርቆሪያ ይዛ በየብርጭቆው ላይ ስታጎነብስ ሁሉም «ይበቃኛል ልጄ» ይሏታል፤ ከዚያ ወደ ጭቅጭቃቸው ይመለሳሉ።

ቄስ ያረጋል መስቀላቸውን በጣታቸው ሲያሹ ቆዩ። የአንዱን ተቀብለው የሌላውን ቢመልሱ፣ የተመለሰው ሰው ከእግራቸው ሥር ተነስቶ ወደ ሌላ ንስሐ አባት ይሄዳል። ሠርክአዲስ ይህን ታውቃለች፤ ፊታቸው ላይ አየችው። ለአንድ አፍታ አሳዘኗት፤ እሳቸውም እንደ እሷ የተያዙ ናቸው። ከዚያ ሊሉት ያለውን ከመናገራቸው በፊት አወቀችው።

«ልጆቼ፣ የሁለታችሁንም ተቀብያለሁ» አሉ። «የስመኘውም ይጠገን፤ የሀብትነሽም ይምጣ። ሁለቱም ጎን ለጎን ይቆሙ። ፍልሰታ እየመጣ ነው፤ ለዚህ ሁሉ ሰው ሁለት ቢሆን ያንሳል እንጂ አይበዛም።»

ቤቱ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። አንድ ሽማግሌ፣ የአባት ነገር እንዲህ ነው አሉ። ስመኘውና ሀብትነሽ ተሳሳሙ። ሠርክአዲስ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። ሰው በተሰበሰበበት ተናግራ አታውቅም።

«እኔም አንድ ነገር አለኝ» አለች። «አይጠገንልኝ። አይለወጥልኝ። ቡሬ እህቴ ጋ ስፌት ልሰፋ መሄድ እፈልጋለሁ።»

የቄስ ያረጋል መስቀል ጣታቸው ላይ ቆመ። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሌላው የመሸ መስሏቸው እንደሆነ ወደ በሩ አዩ። ማንም አልተቆጣትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር፤ የምትመልሰውን ስታዘጋጅ ነው የከረመችው።

ሀብትነሽ ቀስ ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ክፋት የለበትም። «ስፌት ነው እንዴ ልጄ ያማረሽ?» አሉ። «ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪን? ለስፌት ብለሽ ቡሬ ድረስ ትንከራተቻለሽ? መኪናውን እኔ እዚሁ እገዛልሻለሁ፤ ባለ መርገጫ፣ መብራት ኖረም አልኖረም የሚሠራ።»

«ጠረጴዛውና ክሩ የኔ ነው» አለ ስመኘው፣ እንዳይቀደም ቸኩሎ።

አሁን ደስታው እውነተኛ ሆነ። አብረው የተሰበሰቡት ሴቶች እልል አሉ። ቄስ ያረጋል ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ በሚስታቸው ፊት ዕዳ ያለባቸው ይመስላቸው ኖሮ አሁን የተከፈለላቸው ያህል ፊታቸው በራ። «አየሽ ሠርኬ፣» አሏት፣ «ሄደሽ የምትፈልጊውን እግዚአብሔር ቤትሽ ድረስ አመጣልሽ።»

ሠርክአዲስ አፏን ከፈተች። እኔ መኪናውን አይደለም የፈለግሁት፣ መሄዱን ነው ልትል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ ብላ ቆርጣለች። ግን ከበላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ነገሩ ባማረበት ይደምደም ብለው ተነስተው «አቡነ ዘበሰማያት» ማለት ጀመሩ። ቤቱ በሙሉ ተነሳ። ጸሎት ተጀምሮ የሚናገር ሰው የለም፤ የቄስ ሚስት ደግሞ ጭራሽ አትናገርም። እሷም ማንቆርቆሪያዋን ከእግሯ ሥር ገለል አድርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከእነሱ ጋር ጸለየች። ሲያበቃ እየመረቁ፣ እየሳሟት ወጡ። ከመካከላቸው አንዳቸውም እንኳ ቅር ብሏት ይሆን ብለው አላሰቡም። እንዲያውም ለቄሱ ባለቤት አንድ ነገር ማድረጋችን ትክክል ነው ሲሉ በሩ ላይ ሰማቻቸው።

የሚቀጥሉት ሳምንታት የተባለው ሁሉ እንደተባለው የሆነባቸው ነበሩ። አገራችን ቃል ሲገባ ብዙ ጊዜ ይዘገያል፤ ለበረከት የተገባ ግን አይዘገይም። ባምላኩ ዕቃው መጥቶለት አሮጌውን ጠገነ። የሀብትነሽ አዲሱ ማሽን ከነካርቶኑ ወረደ፤ ከአሮጌው አንድ ክንድ ይረዝማል። ዕቃ ቤቱ ስለጠበበ የእህሉ ጆንያ ወጥቶ ወደ ሳሎን ገባ። የስፌት መኪናው መጣና ሌላ ቦታ አልተገኘለትም፤ በሁለቱ ማድረቂያዎች መካከል፣ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። መስኮት የለም። ቄሱ ራሳቸው አምፖል አስቀጠሉላት።

በሐምሌ አጋማሽ ደስታነሽ ደወለች። ሠርክአዲስ ስልኩን ይዛ ወደ ግቢው ወጣች፤ ዝናቡ ስለጀመረ ጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመች። እንደማትመጣ ነገረቻት። ደስታነሽ አልተቆጣችም። ከማንኩሳ የመጣች አንዲት ልጅ ቦታውን ስትለምነኝ ነበር፣ ለእሷ ልስጣት አለች። ሠርክአዲስ፣ ስጫት፣ ልጅቷን ግን መስኮቱ ሥር አስቀምጫት አለች። ስልኩ ሲዘጋ አልቅሳ ሊሆን ይችላል፤ ዝናቡ ያን ጊዜ በረታና ፊቷ ሁሉ ርሶ ነበር።

ፍልሰታ ገባ። ከተማው ነጭ ለብሶ ወደ ደብሩ ይጎርፋል፤ የረጠበውም ወደ ቄሱ ቤት ይጎርፋል። አሁን ከጋቢው ጋር ሌላም ይመጣል። መኪና እንዳላት ተሰምቷላ፤ ጋቢውን ያመጣች ሴት ጥለቱ ጫፍ ላይ የተተረተረውን ታሳይና፣ እግረ መንገድሽን ትላታለች። የዲያቆን ቀሚስ ኪሱ የተቀደደ፣ የሕፃን ክዳን አንገቱ የላላ፣ የለቀስተኛ ነጠላ የተሸረሸረ ይመጣል። አዲስ የሚሰፋ ነገር የለም። ክፍያ የለም፤ በበረከት ነው። ግራዋ ላይ አሮጌው ያጓራል፤ ቀኟ ላይ አዲሱ ይሞቃል፤ ጥጡ እየበነነ ቅንድቧ ላይ ያርፋል። እሷ ትረግጣለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ቄስ ያረጋል ከቅዳሴ ወጥተው መጡ። ጋቢያቸው ደርቋል፤ ሰውነታቸውም ሞቋል። የዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመው ለጥቂት ጊዜ አዩዋት፤ ሚስታቸው የምትወደውን ሥራ በገዛ ቤቷ ተቀምጣ ስትሠራ በማየታቸው ደስ ብሏቸዋል። ይህን ደስታ ለመንገር ቃል ፈለጉ።

«እንግዲህ ከዚህ ቤት የሚያስወጣሽ ነገር አልቀረም፣ ሠርኬ» አሉ።

ሠርክአዲስ እግሯን ከመርገጫው አነሳች፤ ጋቢውን ወደ ሌላው ጫፍ አዞረችው።

«አልቀረም» አለች።